የረቡዕ ጸሎት ለምን ሰው አጣ?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከጅማ ከተማ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው አይተዋወቁም፤ ዕድሜያቸውም ኑሯቸውም የተለያየ ነው። ሁሉም የሚጠይቁት ግን ስለ ጸሎት፣ በተለይም ምእመናን በአንድነት ስለሚጸልዩት ጸሎት ስለሆነ አንድ ላይ ማቅረቡን መርጠናል። የጠያቂዎቹ ስም በራሳቸው ፈቃድ አልወጣም።

ጥያቄ፦ በጅማ በሚገኝ አንድ የወንጌላውያን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌነትና በጸሎት ክፍል አስተባባሪነት አገለግላለሁ። እሑድ እሑድ አዳራሻችን ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ይቆማል። ረቡዕ ከቀኑ 11:30 በሚጀመረው የጸሎት ጊዜ ግን ከአሥራ አምስት ሰው በላይ መጥቶ አያውቅም፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው። በማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ተናግረናል፤ ከመድረክም ገሥጸናል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ይጨምርና ተመልሶ ይቀንሳል። መጋቢያችንም በስብሰባ ብዛት የተነሣ አብዛኛውን ጊዜ አይገኙም። በአንጻሩ ከሌላ ከተማ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ለሰው ይጸልያል ሲባል መቆሚያ ይጠፋል። በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ባህል እንዲኖር ምን እናድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ ወንድማችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፉት ስለ አንድ አጥቢያ ቢሆንም በብዙ ቦታ ያየሁት፣ እኔም በአገልግሎት ዘመኔ ያለፍሁበት ነገር ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር እንድል ይፍቀዱልኝ። አገላለጽዎ በአጥቢያዎ የጸሎት ባህል ጨርሶ የሌለ ያስመስላል። ነገር ግን በዝናብና በጭቃ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ረቡዕ በረቡዕ ሳይቀሩ የሚመጡ እናቶች አሉዎት። ባህል የሚባለው እኮ ማንም ሳያስታውቅና ሳይገሥጽ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚያደርገው ነገር ነው። ስለዚህ እነዚህ እናቶች የያዙት ነገር ወደ ልጆቻቸውና ወደ ሌላው ምእመን እንዳይሻገር የከለከለው ምን እንደሆነ ብንጠይቅ መልሱን ለማግኘት የቀለለ ይመስለኛል።

እኔ የደረስሁበትን በግልጽ ልናገር። ሰው ከጸሎት ጉባኤ የሚቀረው ጸሎትን ስለናቀ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በጸሎት ጉባኤው ውስጥ ጸሎት ስላጣ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ በአንድ አጥቢያ የረቡዕ ጸሎት ላይ በእንግድነት ተገኝቼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲመታው አጠገቤ ያለው ሰው የሚናገረው እንኳ በቅጡ አይሰማም። ሰዓቴን እያየሁ እያንዳንዱ ክፍል የወሰደውን ደቂቃ በማስታወሻዬ ጀርባ ላይ ጻፍሁ። የተመደበው ጊዜ ከ11:30 እስከ ምሽቱ 1:00 ሰዓት ነው። ሰው እስኪሰበሰብ 15 ደቂቃ ተጠበቀ። ዝማሬው 30 ደቂቃ ወሰደ። ከዚያ ስለ ጸሎት አስፈላጊነት የ25 ደቂቃ ትምህርት ተሰጠ፤ ትምህርቱ ጥሩ ነበር። አስተባባሪው አራት የጸሎት ርእሶችን ሲያብራራ 8 ደቂቃ ሄደ፤ ማስታወቂያ ደግሞ 3 ደቂቃ ወሰደ። ለጸሎት የቀረው 9 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ እርሱም ቢሆን መሪው ማይክራፎን ይዞ በከፍተኛ ድምፅ ሲጸልይ ሌላው "አሜን" እያለ የተከተለበት ነው። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት በዘጠኙም ደቂቃ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየኋቸው። ስንወጣ በረንዳው ላይ ዝናቡ እስኪያባራ አብረን ቆመን ስለ ምን ይጸልዩ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ወደ ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ ለአምስት ወር ድምፅዋ እንደጠፋ ነገሩኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከተገለጹት አራት ርእሶች አንዱም ወደ እርሳቸው ቤት አልደረሰም።

እንግዲህ አንድ ወጣት ከሥራ ወጥቶ፣ ለባጃጅ ከፍሎ፣ በዝናብ መጥቶ የሚያገኘው ይህን ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ቢቀር ብዙ አልፈርድበትም። እሑድ የሚያገኘውን ዝማሬና ስብከት አነስ አድርጎ ደግሞ መስማት ነው የሚሆንበት። ስለዚህ ከማስታወቂያና ከተግሣጽ በፊት እርስዎም እንደ እኔ አንድ ረቡዕ ሰዓት ይያዙ፤ የጻፉትንም ለሽማግሌዎች ጉባኤ ያቅርቡ። ከዚያም ነገሩን ይገልብጡት። አንድ ሰዓት ተኩል ካለዎት ቢያንስ ስድሳው ደቂቃ ለጸሎት ይዋል። ሁለት ሰው ብቻ ቢኖርም በሰዓቱ ይጀመር። አንድ መዝሙር ይዘመር፤ አንድ የመዝሙረ ዳዊት ክፍል በቀስታ ይነበብ፤ ስለ ጸሎት የሚሰጠው ትምህርት ወደ እሑድ ይሂድ፤ ማስታወቂያው በወረቀት በር ላይ ይለጠፍ። ማይክራፎኑን አጥፉት። ወንበሮቹን ፊት ለፊት አዙራችሁ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር የልቡን ይናገር፤ አጠገቡ ያለው ለዚያ ነገር በስሙ ጠርቶ ይጸልይለት፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ አገርና ስለ ባለ ሥልጣናት የሚደረገው ምልጃ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መሠረት ከቶ ሊቀር አይገባም፤ ነገር ግን የራሱ ሸክም የተጸለየለት ሰው ስለ አገሩም በሙሉ ልቡ ይጸልያል። በነሐሴ ዝናብ እንኳ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሰው ይሰማማል።

ቀጥሎ የማነሣው ነገር ለመናገር ከባድ ነው፤ ቢሆንም አልፌው ልሄድ አልችልም። መጋቢያችሁ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይገኙ ጽፈዋል። ሌሎቹ ሽማግሌዎችስ? ብዙ አጥቢያዎች ውስጥ የሽማግሌዎች ስብሰባ በሁለት ደቂቃ ጸሎት ተከፍቶ፣ ሦስት ሰዓት ስለ ግንባታና ስለ በጀት ተነጋግሮ፣ በአንድ ደቂቃ ጸሎት ይዘጋል። ምእመን ይህን ያውቃል፤ ባይነገረውም ያውቃል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመበለቶች ማዕድ ጉዳይ ክርክር ባስነሣ ጊዜ ጉዳዩ እውነተኛና አስቸኳይ ነበር፤ ሐዋርያት ግን ለዚያ ሥራ ሰባት የታመኑ ሰዎች ተሹመው እነርሱ "ለጸሎትና ቃሉን ለማገልገል እንተጋለን" አሉ። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጸሎት ከስብከት ቀድሞ መጠራቱን ልብ ይሏል። መጋቢያችሁን በአክብሮት፣ ለብቻቸው አነጋግሯቸው፤ የረቡዕ ስብሰባዎች ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወሩ ጠይቁ። መጋቢው ረቡዕ ዕለት ጸሎቱን እንዲመሩ አልጠይቅም፤ ከእነዚያ ሦስት ሦስት ሰዎች መካከል ተቀምጠው "ለእኔም ስለዚህ ነገር ጸልዩልኝ" ቢሉ ከአንድ ዓመት ተግሣጽ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ስለ እንግዳ አገልጋዮቹ። ለሰው መጸለይ መልካም ነው፤ እግዚአብሔርም ይሰማል። የሚያሳዝነኝ ግን "ጸልዩልኝ" የሚለው ልማድ "እንጸልይ" የሚለውን እየተካው መምጣቱ ነው። ሰው ጸሎትን እንደ ልዩ ሙያ ቆጥሮ ባለሙያውን ፍለጋ ከተማ ለከተማ ይዞራል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የታመመ ሰው ማንን እንዲጠራ ይላል? የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ነው፤ ያውም የሚያውቁትን፣ ነገ ተመልሰው የሚጠይቁትን። ከዚያው ቀጥሎ እርስ በርሳችን እንድንጸልይ ያዘናል፤ ኤልያስም እንደ እኛ ያለ ሰው እንደነበረ ያስታውሰናል። እንግዲህ ወንድሜ፣ ይህ ሥራ የእርስዎ ነው። ከባልደረቦችዎ ሽማግሌዎች ጋር ሁለት ሁለት ሆናችሁ በሳምንት አንድ የታመመ ሰው ቤት ሄዳችሁ ብትጸልዩ፣ በስድስት ወር ውስጥ በአጥቢያው ሽማግሌ ያልጸለየለት በሽተኛ አይኖርም።

የሰዓቱም ነገር ይታሰብበት። 11:30 ሰዓት ለማን የተመረጠ ሰዓት ነው? የመንግሥት ሠራተኛው ገና ከቢሮ እየወጣ ነው፤ ባጃጅ ነጂው የዕለት ገንዘቡን የሚያገኝበት ሰዓት ነው፤ ባለ ሱቁ ገበያው የሚደራበት ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ የቡና ወቅት ሲገባ ከተማው ሁሉ በዚያ ሥራ ይጠመዳል። በዚያ ሰዓት መምጣት የሚችለው ቤት የዋለ ሰው ነው፤ እናቶቹ የመጡትም ከመትጋታቸው በተጨማሪ ሰዓቱ ስለተመቻቸው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 23 ቀን 1857 በኒው ዮርክ ጀርማያ ላንፊየር የተባለ ነጋዴ የነበረ ሰው በፉልተን ጎዳና በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜ ከፈተ። የመረጠው ሰዓት የነጋዴዎችና የጸሐፊዎች የምሳ ሰዓት ነበር፤ የመጣ ሰው እንደ ጊዜው አምስት ደቂቃም፣ ሰዓቱንም ሙሉ ቆይቶ መሄድ ይችል ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ብቻውን ጸለየ፤ እስከ መጨረሻው የተሰበሰቡት ስድስት ሰዎች ናቸው። በሳምንቱ ሃያ፣ በሦስተኛው ሳምንት አርባ ሆኑ፤ ከዚያም በየቀኑ ሆነ። በዚያው ሰሞን ባንኮች መውደቃቸውና ንግድ መናወጡ ሕዝቡን ወደ ጸሎት እንደገፋው አይካድም። ነገር ግን ጭንቀት የመጣበት ሰው የሚሄድበት በር አስቀድሞ ተከፍቶ መገኘቱ ዋጋ ነበረው።

በእኛ ከተማ የማለዳ ሰዓት የሚሻል ይመስለኛል። ጅማ ውስጥ ሌሊት የሚነቃ ሁሉ ከመስጊዶች የሚሰማውን የንጋት አዛን ያውቃል፤ የኦርቶዶክስ ምእመናንም ጎሕ ሲቀድ ለኪዳን ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በመንገድ እናገኛቸዋለን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደንበኛ ቆሞ እያለ እንኳ ይቅርታ ጠይቀው ለሶላት ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ይህን የማነሣው ለፉክክር አይደለም። በዚህች ከተማ በተወሰነ ሰዓት ለጸሎት መነሣት ለማንም እንግዳ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ነው፤ ልጆቻችን ይህን እያዩ ያድጋሉ፤ እኛ ቤትስ ምን ያያሉ? ረቡዕን ለእናቶቹ ሳትነኩ በሳምንት ሁለት ቀን ከማለዳው 12:00 እስከ 12:45 ብትሞክሩ ሠራተኛውም ተማሪውም ጸልዮ ወደ ሥራው ይደርሳል።

አሁን ሁሉንም ነገር ብትረሱ ይህን አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ የምለምናችሁን ላንሣ፤ ደብተር ያዙ። በመንደራ ሰፈር በአንዲት እናት ቤት የሚሰበሰብ የጸሎት ኅብረት አለ። ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ናቸው። እኒህ እናት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማሩት፤ ደብተራቸው ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፍለውታል። በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለተኛው የጸሎት ርእስ፣ በሦስተኛው መልስ ይጻፋል። ጥቂት ገጾች እንዳነብ ፈቀዱልኝ። በአንዳንዱ መስመር ትይዩ "ተመስገን" ተብሎ ቀን ተጽፎበታል፤ ብዙው ባዶ ነው። የአንድ ወንድም የኩላሊት ሕመም ለተከታታይ ሳምንታት ተጽፎ ይታያል፤ በሰባተኛው መስመር ላይ በመልስ ቦታው "ወደ ጌታ ሄደ" ይላል። ቀጥሎ ባለው መስመር በዚያው ዕለት "ለሚስቱና ለልጆቹ፤ ለቤት ኪራይ" ተብሎ ተጽፎ ትይዩው "የሁለት ወር ተዋጣ" ይላል። ከዚያም በኋላ የእነዚያ ልጆች ጉዳይ ከደብተሩ አልጠፋም፤ የትልቁ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ፈተናም ሳይቀር ተመዝግቧል።

ያን ገጽ ካነበብሁ በኋላ የአዳራሻችን ጸሎት ምን እንደጎደለው ገባኝ። እኛ እንጸልያለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ያ ነገር ምን እንደደረሰ ማንም አይጠይቅም። ለታመመችው እኅት ጸልየን ተሻላት ወይስ አልተሻላትም ሳንል ወደ አዲስ ርእስ እንሄዳለን። ይህ ሲደጋገም ምእመኑ "ጸሎት ለፕሮግራም ነው" ብሎ በልቡ ይደመድማል። የረቡዕ ጸሎት የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ያለፈውን ሳምንት ገጽ ለማንበብ ይዋሉ። መልስ ያገኘው ምስጋና ይቀርብበት። መልስ ያላገኘው እንደገና ይነሣ። እኛ የለመንነው ሳይሆን ሌላ ነገር የሆነበትም በእውነት ይነገር፤ ሐዘኑ አይደበቅ። በጉባኤ ፊት የድል ምስክርነት ብቻ የሚነገርበት ቤተ ክርስቲያን ልጁ የሞተበት አባት ረቡዕ ምን ሊል ይመጣል? ዳዊት እኮ "እስከ መቼ" ብሎ ጸልዮአል፤ ይህም ከምስጋናው ጋር በአንድ መጽሐፍ ተጽፎልናል። ሰው በምስጢር የነገራችሁ ነገር ግን በደብተር አይጻፍ፤ ከተጻፈም በስም አይጻፍ። ምስጢር የወጣበት የጸሎት ኅብረት ዳግመኛ አይቆምም።

በሽማግሌዎች ወይም በመዘምራን መካከል ያልተፈታ ቅያሜ ካለ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት እርሱ ይፈታ። በጀርመን ሄርንሁት በተባለው መንደር፣ ከሞራቪያ የተሰደዱ ክርስቲያኖች ካውንት ሲንሰንዶርፍ በተባለ ባላባት መሬት ላይ ሰፍረው እርስ በርሳቸው ክፉኛ ይጣሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1727 በነሐሴ ወር በጌታ እራት ላይ ታረቁ፤ በዚያው ወር ማብቂያ 24 ወንዶችና 24 ሴቶች ሌሊቱንና ቀኑን በሰዓት ተከፋፍለው ለመጸለይ ቃል ገቡ፤ ያ ሰንሰለት ከ100 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ቆየ። ዕርቁ እንደቀደመ ይታያል። ጌታችንም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል።

በመጨረሻም አዳራሹ ብቻውን አይበቃም። በደርግ ዘመን በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። አዳራሾቿ ተወርሰው መሪዎቿ ታስረው ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጸልዩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ በአደባባይ ሲሰበሰቡ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን የኖሩ አንዲት እናት ጎረቤት ቡና የተጠራራ እንዲመስል ረከቦቱን በመካከል አስቀምጠው በለሆሳስ ይጸልዩ እንደነበር አጫውተውኛል። ዛሬ የሚከለክለን የለም፤ ባለ ብዙ ወንበር አዳራሽም አለን። ሆኖም ሰው ሲጸልይ ሌላው የሚሰማበት፣ ልጅ እናቱ ስትጸልይ የሚያይበት ቦታ አሁንም ቤት ነው። አጥቢያችሁን በየሰፈሩ ከፋፍላችሁ፣ ከእነዚያ እናቶች አንዳንዶቹን የየሰፈሩ ጸሎት አስተናጋጅ አድርጋችሁ ብትሾሙ፣ በጸሎት ለመምራት ከእነርሱ የተሻለ ሰው የላችሁም።

ለመጪው ረቡዕ ግን ይህን ሁሉ አይሸከሙ። ቀድመው ይድረሱ፤ ከእናቶቹ በአንዷ አጠገብ ይቀመጡ፤ ስለ ምን እንደሚጸልዩ ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በተማሪዎች ኅብረት ተራ በተራ ስንጸልይ ተራዬ ሊደርስ ሲል ልቤ ይመታል፤ ቃላት ይጠፉብኛል። ሌሎቹ ጥቅስ እየጠቀሱ በሚያምር አማርኛ ለረጅም ጊዜ ይጸልያሉ። እኔ ያደግሁት ገጠር ነው፤ አፌን የፈታሁትም በአፋን ኦሮሞ ነው። ከማፈሬ የተነሣ መቅረት ጀምሬአለሁ። የተጻፈ ጸሎት ማንበብስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ፍርሃትሽ የብዙዎች ነው፤ ጥፋቱም የአንቺ ብቻ አይደለም። በየኅብረቱ ረጅም ጸሎት እንደ መንፈሳዊነት መለኪያ ተቆጥሮ፣ አንዱ ወንድም አሥራ አምስት ደቂቃ ሲጸልይ አሥሩ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉትን ጸሎቶች ተመልከቺ። ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሊሰጥም ሲል "ጌታ ሆይ፥ አድነኝ" አለ፤ ከዚያ በላይ ለመናገር ጊዜም አልነበረውም፤ ጌታ ወዲያው እጁን ዘረጋ። ቀራጩ ደረቱን እየደቃ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጻድቅ ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰውም እርሱ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ጸሎት አስተምረን ብለው ሲለምኑት ጌታ የሰጣቸው "አባታችን ሆይ" ቀስ ብለሽ ብትጸልዪው እንኳ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞም ልብ በዪ፣ ደቀ መዛሙርቱ "አስተምረን" ማለታቸው ጸሎት የሚለመድ ነገር መሆኑን ያሳያል፤ ለመማር ማንም ሊያፍር አይገባም።

ስለ ቋንቋው፣ በአፋን ኦሮሞ ጸልዪ። እግዚአብሔር ያንን ቋንቋ ከእናትሽ ማጀት ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። በጅማ በአንድ ወንበር ላይ ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ የሙ፣ አማራው አብረው ይቀመጣሉ፤ ሕመሙንና ደስታውን በሁለተኛ ቋንቋ እንዲናገር የተገደደ ሰው የሚናገረው ከልቡ ግማሹን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ጸሎቱን ያልተረዳ ሰው እንዴት "አሜን" ይላል ብሎ መጠየቁ እውነት ነው፤ ስለዚህ ከጸለይሽ በኋላ በአንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ስለ ምን እንደጸለይሽ ንገሪያቸው፤ ይበቃል። የኅብረታችሁን መሪዎችም አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዳይጸልይ ብትጠይቂያቸው ዝም ያሉት ብዙዎች ያመሰግኑሻል።

የተጻፈ ጸሎት ማንበብን በተመለከተ፣ በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ እንደ ደረቅ ልማድ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግን ያልተመዘነ ፍርድ ይመስለኛል። ጌታችን ያወገዘው በከንቱ መደጋገምን ነው። 150ዎቹ መዝሙራት ራሳቸው የተጻፉ ጸሎቶች ናቸው፤ ጌታም በመስቀል ላይ ሳለ ከመዝሙር 22 ጸልዮአል። የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች መዝሙረ ዳዊትን በሰባቱ ቀናት ከፋፍለው በየዕለቱ ይጸልያሉ፤ ይህን ከእነርሱ ብንማር አይጎዳንም። ማታ ማታ በዶርምሽ አንድ መዝሙር ከንፈርሽ እየተንቀሳቀሰ፣ ለራስሽ በሚሰማ ድምፅ አንብቢ፤ አንድ ቁጥር ላይ ልብሽ ሲነካ ቁሚና በራስሽ ቃል ቀጥዪ። እንዲህ አንድ ወር ካደረግሽ በኋላ ወደ ኅብረቱ ስትመለሺ ቃሉ ከአፍሽ ይገኛል። ቢጠፋም "ጌታ ሆይ፥ አድነኝ" ማለት ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ በቡና መጋዘን ጥቁርና የተሰበረ ፍሬ በመልቀም እተዳደራለሁ። ጠዋት 1:00 ሰዓት ገብቼ የምወጣው 11:00 ነው፤ ከዚያ ሁለት ልጆቼን አበላለሁ፤ ባለቤቴ ለሥራ ሌላ አገር ነው። ጾም ጸሎትም አዳር ጸሎትም መሄድ አልቻልሁም። የሰፈሬ ሰዎች "ቀዘቀዝሽ" ይሉኛል። በሥራ ላይ ሆኜ የምጸልየው ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ "ሳታቋርጡ ጸልዩ" የሚለው ትእዛዝ ለተሰሎንቄ ምእመናን ሲጻፍ ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያው መልእክት ጳውሎስ በገዛ እጃቸው እንዲሠሩ ያሳስባቸዋል፤ እርሱም በመካከላቸው ሌሊትና ቀን እየሠራ እንደኖረ ያስታውሳቸዋል። ጣትሽ ፍሬ እየለየ ልብሽ ወደ እግዚአብሔር ሲናገር የሚሰማው አምላክ ያው የአዳራሹ አምላክ ነው። ይህን የሚያህል ሸክም ተሸክመሽ ሳለ "ቀዘቀዝሽ" ለሚሉሽ አትመልሺላቸው።

ሆኖም ብቻሽን እንድትቀሪ አልፈልግም፤ የደከመ ሰው የሌላውን ድምፅ መስማት ያስፈልገዋልና። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ስታፈዪ ሁለት አማኝ ጎረቤቶችሽን ጥሪ። በአቦሉ ተጨዋወቱ። ቶናው ሲፈላ እያንዳንዳችሁ የሳምንቱን ጭንቀት አንድ አንድ ተናገሩ፤ እስከ በረካው ድረስ ተራ በተራ ጸልዩ። ልጆችሽም እዚያው ይቀመጡ፤ የሚያስጨንቃቸውን እነርሱም ይናገሩ። ለአጥቢያሽ የረቡዕ ጸሎት ደግሞ የጸሎት ርእስሽን በወረቀት ጽፈሽ ከሚሄድ ሰው ጋር ላኪ፤ የባለቤትሽን ስም ጨምሪበት፤ በሳምንቱም ምን እንደተጸለየለት ጠይቂ። ከላይ ደብዳቤ የጻፉልን ሽማግሌም ሆኑ ሌሎች አስተባባሪዎች እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሳቸው ከሌሎቹ ርእሶች ሁሉ አስቀድመው ያንብቡት፤ ከዚያም ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ከ11:00 ሰዓት በኋላ ወደ ቤትሽ ይምጡ።